እዚህ ማን ይጠብቅሃል?

[ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት። ግድግዳው ዙሪያውን ያላለቁ ኮቶች ተሰቅለዋል። ከኋላ መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ወዲያ የልብስ ሰፊው አሮጊት አማት ተኝተዋል። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ አንዲት መዳፍ የማትሞላ ሸሚዝ በስፌት መኪና ይሰፋል። የሟች ሚስቱ ታላቅ ወንድም፣ ሰፈሩ “ሊቁ” የሚለው፣ አዲስ ሻንጣ ላይ ቁጭ ብሎ ሁለት የታሸጉ ፖስታዎች ይዟል።]

ሊቁ፦ መቀሱን አምጣ አልኩህ እኮ!

ልብስ ሰፊው፦ የጨርቅ መቀስ ወረቀት አይቆርጥም፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ ለምንድነው የማይቆርጠው? ብረት አይደለም?

ልብስ ሰፊው፦ መቁረጡንስ ይቆርጣል። ከዚያ በኋላ ግን ጨርቅ እምቢ ይላል። ይደንዛል።

ሊቁ፦ ለመቀስህ የምታስበውን ያህል ለራስህ ብታስብ ኖሮ ዛሬ ሰው ሆነህ ነበር! የኤምባሲ ፖስታ ነው እኮ! ሁለት ወር ሙሉ አንገታችንን አስግገን የጠበቅነው! ልጅህ ባሕር ማዶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ልትወልድ ነው፣ አንተ ስለ መቀስ ስለት ትነግረኛለህ።

ልብስ ሰፊው፦ በእጅህ ቅደደው።

ሊቁ፦ በእጄ! እንዲህ ያለ ወረቀት በእጅ አይቀደድም። ለነገሩ አንተ ምን ታደርግ። ከዚች መኪና ወዲያ ምን አይተህ ታውቃለህ?

[ከመጋረጃው ጀርባ ግድግዳው በምርኩዝ ሁለቴ ይመታል።]

ልብስ ሰፊው፦ እማማ ናቸው።

ሊቁ፦ ሰምቻለሁ። ሂድ፣ አንተን ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ልጃቸው አንተ ነህ።

ሊቁ፦ እኔ ጉዳይ ላይ ነኝ! አይታይህም?

[ልብስ ሰፊው ገብቶ ይመለሳል።]

ልብስ ሰፊው፦ ትራሳቸው ተንሸራቶ ነው። እሺ፣ የትኛው የማን ነው?

ሊቁ፦ ይሄም ይጠየቃል? አንዱ ወፍራም ነው፣ አንዱ ስስ ነው። ወፍራሙ የኔ ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ስም አለበት?

ሊቁ፦ ስም የለበትም፤ ቁጥር ነው። ያን ቀን የሰጡን ካርኒ ላይ ያለው ቁጥር። ካርኒህስ?

ልብስ ሰፊው፦ እንዳይጠፋ ብዬ አንድ ኮት ላይ በስፒል ሰክቼዋለሁ።

ሊቁ፦ የትኛው ኮት ላይ?

ልብስ ሰፊው፦ [ኮቶቹን ዙሪያውን እያየ] እሱ ነው የጠፋኝ። ያንተስ?

ሊቁ፦ የኔ እዚህ ሻንጣ ውስጥ፣ ከሁሉም በታች። ሻንጣውን ደግሞ ቆልፌዋለሁ፤ የሚከፈተው እዚያ ደርሼ ነው። ደግሞ ካርኒ ምን ያደርጋል? ለትልቅ ሰው ትልቅ ፖስታ ይመጣለታል፣ አለቀ። [ወፍራሙን ደረት ኪሱ ይከታል] የኔን በኋላ በክብር እከፍተዋለሁ። ያንተን አሁን እናንብበውና እንገላገል።

[ስሱን ይቀደዋል። በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይወጣል። ጉሮሮውን ይጠርጋል።]

ልብስ ሰፊው፦ ምን ይላል?

ሊቁ፦ ቆይ እንጂ! ትርጉም እንደ ሱሪ ዘምዘማት በሩጫ የሚሠራ መሰለህ? “ውድ አመልካች” ይላል።

ልብስ ሰፊው፦ ውድ አሉኝ?

ሊቁ፦ አትደሰት። ውድ የሚሉህ ሊከለክሉህ ሲሉ ነው። “ማመልከቻዎን በጥንቃቄ መርምረናል።” ይሄውልህ። “ወደ አገርዎ ስለመመለስዎ እርግጠኛ ባለመሆናችን፣ ከአገርዎም ጋር ያለዎት ትስስር በቂ ሆኖ ስላላገኘነው...” አይ አንተ! ተከለከልክ።

[ልብስ ሰፊው መኪናውን ያቆማል። ትንሿን ሸሚዝ ጉልበቱ ላይ ያሳርፋታል።]

ልብስ ሰፊው፦ ብቻዋን ልትወልድ ነው ማለት ነው?

ሊቁ፦ እንግዲህ...

ልብስ ሰፊው፦ እናቷ ብትኖር እናቷ ትሄድላት ነበር። እኔ ወንድ ነኝ፣ ስለ ምጥ ምን አውቃለሁ። ግን ከበሩ ውጭ ወንበር ላይ ብቀመጥ እንኳ፣ አባቴ አለ ትል ነበር። “አባዬ፣ በር ላይ ብቻ ሁንልኝ” ነው ያለችኝ።

ሊቁ፦ አይዞህ፣ እኔ አለሁ! አጎቷ አይደለሁም? እኔ እቀመጥላታለሁ በሩ ላይ። አንተ ሸሚዟን ጨርስና ስጠኝ፤ አደርስልሃለሁ።

ልብስ ሰፊው፦ እኔ እኮ ወር አልሞላም፤ ሄጄ ልመለስ ነበር። ለምን አይመለስም አሉኝ?

ሊቁ፦ ይኸው ነው ያንተ ችግር! ነገሩ ገና ከሥሩ አልገባህም። እስቲ አንዴ ጆሮህን ስጠኝ። ቪዛ ማለት እንደ አውቶብስ ነው። አውቶብስ ማንን ነው የሚጭነው? ዕቃውን አስሮ ጣቢያ የቆመውን ነው። ቤቱ ጋቢ ተከናንቦ የተኛውን አይደለም። ገባህ?

ልብስ ሰፊው፦ አልገባኝም።

ሊቁ፦ ዝግጁ መሆን ነው! እኔን እየኝ። መዝገብ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ማመልከቻውን ባስገባሁ ማግስት ሥራዬን ለቀቅሁ። የተከራየሁትን ክፍል አስረከብኩ። አልጋዬን ለጎረቤት ሰጠሁ።

ልብስ ሰፊው፦ ለዚህ ነው ከሁለት ወር ጀምሮ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ የምታድረው?

ሊቁ፦ የማድረው በእንግድነት ነው! ቅጹም ላይ በግልጽ ነው የጻፍኩት። “እኔን እዚህ የሚይዘኝ አንዳች ነገር የለም፤ ዛሬ ማታ ብትሉኝ ዛሬ ማታ እነሳለሁ።” ለቃለ መጠይቁ ራሱ ይህንኑ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ነው የገባሁት። ዘበኛው “እዚህ አስቀምጥ” ቢለኝ “ዞር በል፣ አብሮኝ ነው የሚገባው” አልኩት።

ልብስ ሰፊው፦ ሻንጣ ይዘህ ገባህ?

ሊቁ፦ ያውም ሞልቼ! መስኮቷ ጋ ያለችው ሴትዮ ከወንበሯ ተነስታ አየችው። ተደነቀች። “ሰው ማለት እንዲህ ነው” ሳትል አትቀርም በሆዷ። አንተ ምን ይዘህ ገባህ?

ልብስ ሰፊው፦ የትእዛዝ ደብተሬን።

ሊቁ፦ ኧረ ወዲያ! ያንን የተቀዳደደ፣ የልኬት ደብተር?

ልብስ ሰፊው፦ ሴትዮዋ በአስተርጓሚው በኩል “ካልተመለስክ እዚህ ማን ይጠብቅሃል?” አለችኝ። እኔም ለመቁጠር ደብተሩን ከፈትኩ። ሰባ ሦስት ሰው።

ሊቁ፦ ሰባ ሦስት ምን?

ልብስ ሰፊው፦ ጨርቁን ቆርጬ ያልሰፋሁለት። ሠርግ ያለበት አለ፣ ምርቃት ያለበት አለ። አንዱማ ሠርጉ አልፎ ልጁ ተወልዷል፤ አሁንም ግን ይጠብቀኛል።

ሊቁ፦ አዋረድከን! ቤተሰቡን በሙሉ አዋረድከው! ኤምባሲ ገብተህ ቀጣፊ መሆንክን መሰከርክ!

ልብስ ሰፊው፦ አልቀጠፍኩም። እሰፋለሁ፤ ይዘገያል እንጂ። አስተርጓሚው እንኳ ተቀየመኝ። ገጽ ዘጠኝ ላይ የሱም ሱሪ አለ። ዓምና ያመጣው። “እሱስ መቼ ነው የሚደርሰው?” ብሎ ከሴትዮዋ ፊት ጠየቀኝ።

ሊቁ፦ ምን አልከው?

ልብስ ሰፊው፦ ነገ ና አልኩት።

ሊቁ፦ [ራሱን ይዞ] ለኤምባሲ ሰው ነገ ና! እኔ እኮ ከዚህ ሰውዬ ጋር እህቴ እንዴት ኖረች ብዬ ነው የሚገርመኝ! እሱስ ዝም አለ?

ልብስ ሰፊው፦ ለሴትዮዋ ብዙ ነገር አወራላት። እጁን እያወናጨፈ። ሳቀች። ከዚያ አንድ ነገር ጻፈች።

ሊቁ፦ የጻፈችውማ ይኸው እጄ ላይ ነው! ስማ እንግዲህ። ምክንያቱ በዝርዝር ተቀምጧል፤ ሲያነቡልህ ከተማርክ። ተራ ቁጥር አንድ፣ “ቋሚ ሥራ እንደሌለዎት ተረድተናል” ይላል።

ልብስ ሰፊው፦ ሃያ ስድስት ዓመት ከዚች መኪና ተነስቼ አላውቅም እኮ!

ሊቁ፦ መቀመጥና መሥራት አንድ ነው? ከደብተርህ ላይ አንብበውታላ! ሰባ ሦስት ሰው ልብሱ ያላለቀለት ሰውዬ ሥራ አለው ይባላል? እውነታቸውን ነው።

ልብስ ሰፊው፦ እንግዲህ... እንደዚያ ካዩትስ።

ሊቁ፦ ተራ ቁጥር ሁለት። “ቋሚ መኖሪያ ቤት የለዎትም።”

ልብስ ሰፊው፦ ይሄስ ቤት?

ሊቁ፦ መጋረጃ ቤት ሆኖ ያውቃል? ፊት ለፊቱ ሱቅ፣ ጀርባው መኝታ! ኧረ እነዚህ ሰዎች እንዴት ያውቁሃል ጃል! ቤትህን አይተው የሄዱ ነው የሚመስለው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ዓለም ያወቀውን አንተ ብቻ አላወቅኸውም።

ልብስ ሰፊው፦ ሌላስ?

ሊቁ፦ ሦስተኛው ከሁሉም ይብሳል። “እንዲመለሱ የሚያስገድድዎ የቤተሰብ ኃላፊነት የለብዎትም።”

ልብስ ሰፊው፦ ይሄስ ውሸት ነው! እማማን ነግሬያቸዋለሁ! “ሰባ ሦስት ሰውና አንዲት አሮጊት ይጠብቁኛል” ነው ያልኩት!

ሊቁ፦ ማንን? እናቴን? የኔን እናት ማመልከቻህ ውስጥ ከተትካት?

ልብስ ሰፊው፦ የሚጠብቅህ ማነው አሉኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ በጠዋት ዓይናቸውን ከፍተው የሚጠብቁት እኔን ነው። ምን ልበል ታዲያ?

ሊቁ፦ አማትህ ናት እንጂ እናትህ ናት? ድሮም የሰው ነገር መጠቅለል ትወዳለህ! እንግዲያው የተከለከልከው በዚሁ ነው። የወለድኳት... ማለቴ የወለደችኝ እኔን ነው። ኤምባሲ ደም ያውቃል።

ልብስ ሰፊው፦ አንተንስ አልጠየቁህም?

ሊቁ፦ በደንብ ነዋ! “እናትህ በሕይወት አለች?” አሉኝ። “አለች፤ ግን ሌላ ሰው ይጦራታል፣ እኔን በጭራሽ አትይዘኝም” አልኳቸው። ቁርጥ ያለ መልስ!

[ምርኩዙ ግድግዳውን ይመታል።]

ሊቁ፦ ሂድ፣ አንተን ነው።

[ልብስ ሰፊው ገብቶ ይመለሳል።]

ልብስ ሰፊው፦ “ማነው የሚጮኸው?” ይላሉ። ልጅዎ ነው ብላቸው “ኧረ? መጥቶ ነው?” አሉኝ።

ሊቁ፦ በል አሁን አትዘብዝበኝ፣ ልጨርሰው። አራተኛ። የመጨረሻው ነው። “በተለይም በቃለ መጠይቁ ዕለት ይዘውት የገቡት ዕቃ ላለመመለስ መወሰንዎን በግልጽ...” አላልኩህም! ደብተሩ! ያ የተረገመ ደብተር!

ልብስ ሰፊው፦ ደብተሬ ላለመመለስ መወሰኔን ያሳያል?

ሊቁ፦ ያሳያላ! ሰባ ሦስት ሰው ልብሱን የሚጠይቀው ሰውዬ ቢያመልጥ እንጂ ይመለሳል? እኔም ብሆን አልመለስ! “...በግልጽ ያሳየን ሲሆን፣ ይኸው ከባድ...”

ልብስ ሰፊው፦ ከባድ ይላል?

ሊቁ፦ ከባድ ይላል። ሰባ ሦስት ሰው ተሸክሞ አይከብድም? “...ከባድና ባለ... ባለ...”

[ደብዳቤውን ወደ ዓይኑ ያስጠጋል። ያርቃል። እንደገና ያስጠጋል።]

ልብስ ሰፊው፦ ባለ ምን?

ሊቁ፦ ኅትመቱ ደብዝዟል።

ልብስ ሰፊው፦ ባለ ምን ይላል፣ ጋሼ?

ሊቁ፦ [በቀስታ] ባለ ጎማ።



ልብስ ሰፊው፦ ደብተሬ ጎማ የለውም።

ሊቁ፦ የትርጉም ስሕተት ነው። እነሱ አንዳንዴ...

ልብስ ሰፊው፦ [ሊቁ የተቀመጠበትን ሻንጣ ጎንበስ ብሎ እያየ] ያንተ ግን አለው። አራት።

ሊቁ፦ ስሕተት ነው አልኩህ! ትልቅ መሥሪያ ቤት አይሳሳትም ያለው ማነው?

ልብስ ሰፊው፦ አሁን “እውነታቸውን ነው” ስትል አልነበር? ቆይ፣ ካርኒዬን ልፈልግ።

[ተነስቶ ኮቶቹን አንድ በአንድ ገበራቸውን እየገለበጠ ያያል። ከአንድ ግራጫ ኮት እጅጌ ውስጥ ወረቀት ይነቅላል።]

ልብስ ሰፊው፦ ይኸው! የኔ መጨረሻው ስድስት፣ ስድስት፣ ሁለት ነው። ደብዳቤው ላይ ምን ይላል?

ሊቁ፦ ቁጥር መች ዋስትና ይሆናል...

ልብስ ሰፊው፦ ቁጥር ማንበብ እችላለሁ፤ ሰው ለክቼ ነው የምበላው። [አንገቱን አስግጎ ያያል] ስድስት፣ ስድስት፣ ሦስት። ያን ቀን ዘበኛው ጋ ስትከራከር ከኋላዬ ቀረህ፤ ሦስት ያንተ ነው። በል ኪስህ ያለውን ፖስታ ስጠኝ።

ሊቁ፦ [ደረቱን በሁለት እጁ ይዞ] አልሰጥም! የኔ ነው! ወፍራም ነው!

ልብስ ሰፊው፦ ጋሼ፣ አምጣው።

ሊቁ፦ ሞቼ ነው ቆሜ!

ልብስ ሰፊው፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ ለካ ወረቀት የያዘ ሞኝ ይብሳል።

[ፖስታውን ከኪሱ መዞ ያወጣል። ቁጥሩን ከካርኒው ጋር ያስተያያል። ከዚያ የጨርቁን መቀስ ያነሳል።]

ሊቁ፦ ወረቀት አይቆርጥም አላልክም?

ልብስ ሰፊው፦ ለዚህስ ይደንዝ።

[ይቆርጠዋል። ፓስፖርትና አንድ ወረቀት ይወድቃሉ። ፓስፖርቱን ይገልጣል።]

ልብስ ሰፊው፦ እየው ይሄን ሰውዬ። ፎቶ ስነሳ “ሜትሩን ከአንገትህ አውልቅ፣ ታዋርደናለህ” ስትለኝ አልነበር? ይኸው ከነሜትሬ ነኝ። ከጎኔ የተለጠፈውን አንብብልኝ፤ ያለ አንተ የሚያነብልኝ የለም።

ሊቁ፦ [በሞተ ድምፅ] “ለጉብኝት። ሠላሳ ቀን። ተፈቅዷል።”

ልብስ ሰፊው፦ ወረቀቷስ?

ሊቁ፦ ምንም አትል።

ልብስ ሰፊው፦ ጋሼ!

ሊቁ፦ “ወደ አገርዎ ከመመለስ የሚያስቀርዎ ነገር እንደማይኖር፣ የሚጠብቅዎ ሰው ብዙ እንደሆነ አረጋግጠናል። አስተርጓሚያችን ሱሪያቸው እስከ መጪው ወር...”

[ወረቀቱን ይጥለዋል።]

ልብስ ሰፊው፦ [ሸሚዟን አንስቶ ፊቱን ይጠርግባታል] ልደርስላት ነው! በሩ ላይ እቀመጥላታለሁ! እማማ! እማማ፣ ተፈቀደልኝ!

[ምርኩዙ ከውስጥ ሦስት ጊዜ በደስታ ይመታል።]

ሊቁ፦ እሷም ታጨበጭብልሃለች! የገዛ እናቴ! እኔ ሥራዬን ለቅቄ! ክፍሌን አስረክቤ! አልጋዬን ሰጥቼ! ሰው እንዴት ዝግጁ በመሆኑ ይቀጣል?

ልብስ ሰፊው፦ [መኪናው ጋ ተመልሶ ተቀምጦ] አልጋ ከሆነ የኔን ውሰድ፤ ለአንድ ወር ባዶ ነው። መቁረጫ ጠረጴዛው ወገብህን ፈጅቶታል።

ሊቁ፦ እዚህ? ምን ልሠራ?

ልብስ ሰፊው፦ ብዙ ሥራ አለ። እኔ እንኳ ሳስበው የነበረው ማን ይይዝልኛል ብዬ ነው። በጠዋት ተነስተህ እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ ታጥባቸዋለህ። መድኃኒታቸውን ዝም ብለህ ብትሰጥ ከምላሳቸው ሥር ይደብቁታል፤ ጨዋታ እያወራህ ነው። የድሮ ጨዋታ ይወዳሉ፣ አንተ ልጅ ሳለህ ያስቸገርከውን። እኔ አልቆብኛል።

ሊቁ፦ እኔ ጨዋታ!

ልብስ ሰፊው፦ ምግብ ሲሰጣቸው “እሱ በልቷል?” ይላሉ። እስከ ዛሬ “በልቷል” እላቸዋለሁ። አንተን ነው የሚሉት።

[ሊቁ ወደ መጋረጃው ዞር ብሎ ያያል።]

ልብስ ሰፊው፦ ደንበኛ ከመጣ ደግሞ “ነገ ና” ትላለህ። ይኸው ነው። የሚከብድ ነገር የለውም።

ሊቁ፦ እኔ መዝገብ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁ ሰው “ነገ ና” ስል ልውል?

ልብስ ሰፊው፦ መዝገብ ቤትስ ሌላ ምን ትል ነበር?

ሊቁ፦ [የጣለውን ወረቀት አንስቶ ያጣጥፋል።]

ልብስ ሰፊው፦ ደግሞ ለሚቀጥለው ማመልከቻህ ይጠቅምሃል። ሥራ ትጽፋለህ፣ ቤት ትጽፋለህ። “እዚህ ማን ይጠብቅሃል?” ሲሉህም የምትለው ታገኛለህ። ሻንጣውን ግን ተወው።

ሊቁ፦ ቀልድብኝ! ቀልድ! ቀን የሰጠው...

[ምርኩዙ ግድግዳውን ሁለቴ ይመታል።]

ሊቁ፦ [በልማድ] ሂድ፣ አንተን ነው።

ልብስ ሰፊው፦ [ከመኪናው ሳይነሳ ክሩን በጥርሱ በጥሶ] የለም፣ ጋሼ። አንተን ነው።